52 ኮንሰርት በ77 ቀን፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጊታር እጫወታለሁ፣ ዘፈን ተቀባይም ነኝ። እስካሁን የሠራሁት አንድ የምሽት ቤት ውስጥ በሳምንት ሦስት ምሽት ነው። አሁን አንድ የታወቀ ባንድ ለ77 ቀን የኮንሰርት ጉዞ አብሬያቸው እንድወጣ ጠይቆኛል። 52 ኮንሰርት አለ። አብዛኛው ጉዞ በቫን ነው፣ ሦስቴ ብቻ በአውሮፕላን እንሄዳለን። ክፍያው ጥሩ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ባለቤቴ ሂድ እያለችኝ ነው። እኔ ግን የመንገድ ኑሮ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ምን ልጠይቃቸው? ምን ልያዝ? ምኑንስ ልፍራ?»

ወንድሜ፣ ከባንዶች ጋር መንገድ ላይ 23 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ቤዝ እጫወት ነበር፣ ቀጥሎ የድምፅ ባለሙያ ሆንኩ፣ ላለፉት 12 ዓመታት ደግሞ የጉዞ ኃላፊ ሆኜ ፕሮግራም የማወጣው እኔ ነኝ። በጥያቄህ ክፍያውን ነግረኸኛል፣ የኮንሰርቱን ብዛት ነግረኸኛል። ዋናውን ግን አልነገርከኝም። ማታ ከመድረክ ወርዳችሁ በማግስቱ መኪናው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው? ልሂድ ወይስ ልቅር ለሚለው ጥያቄህ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ኮንሰርቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ያልቃል እንበል። ታዳሚው ሲወጣ የእናንተ ሥራ ገና ነው፤ ኬብል ይጠቀለላል፣ አምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ቫኑ ይጫናል። ብዙ ረዳት የሌለው ባንድ ይህን ሲጨርስ ሁለት ሰዓት ያልፋል፤ 7 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ማደሪያችሁ ደርሰህ፣ ቁልፍ ተቀብለህ፣ ታጥበህ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ 8 ሰዓት ነው። ያኔ ደግሞ እንቅልፍ እሺ አይልም። ሦስት ሺህ ሰው ሲጮህልህ ያመሸ ሰውነት መብራት ስለጠፋ ብቻ አይበርድም። ጆሮህ ውስጥ ይጮሃል፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ የሳትካት ኮርድ እየተመላለሰች ትመጣብሃለች። 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ከወሰደህ ጥሩ ነው። ቫኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከተነሳ 1 ሰዓት ላይ መነሳት አለብህ፤ አራት ሰዓት ተኛህ ማለት ነው። አንድ ቀን ማንም ይችለዋል፣ ሁለት ቀንም ይቻላል። በተከታታይ አምስተኛው ቀን ላይ ግን ባንዱ ውስጥ ያሉት ሰዎች እነዚያው ሰዎች አይደሉም።

ቀጥሎ ከ77 ላይ 52ን ቀንስ፤ 25 ይቀራል። ስታየው የ25 ቀን ዕረፍት ይመስላል። ሙሉ ቀን ቫን ውስጥ ተቀምጠህ የምትውልበት ቀን ኮንሰርት የለበትም እንጂ ዕረፍት አይደለም። እኔ የዕረፍት ቀን የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንት በተኛህበት አልጋ ዛሬም የምትተኛበትን ቀን። ፕሮግራሙን ሲልኩልህ ሌላውን ትተህ እነዚህን ቀኖች ቁጠር። በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ካለ ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ሙዚቀኛ ይዞ የተጓዘ ሰው ነው። በ11 ሳምንት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ብቻ ካገኘህ ግን ከመፈረምህ በፊት ከባንድ መሪው ጋር ቁጭ ብለህ መነጋገር አለብህ።

ፈሪ ነው እንዳትለኝ። በሙዚቃ ታሪክ በጣም ከሚታወሱት አደጋዎች አንዱ ከክፉ ፕሮግራም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 መጀመሪያ አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ባዲ ሆሊ የወጣበት ጉዞ በ24 ቀን 24 ከተማ የተያዘለት ነበር። ከተሞቹ በመንገዳቸው ቅደም ተከተል አልተያዙም፤ ባሱ ትናንት ያለፈበትን መንገድ ዛሬ እየተመለሰ ያቋርጠው ነበር። መንገዱ በረዶ ነው፣ የባሱ ማሞቂያ ተበላሽቷል፣ ድራመሩ እግሩን ብርድ በልቶት ሆስፒታል ገብቷል። ሆሊ አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ክሊር ሌክ የሚባል ከተማ ከተጫወተ በኋላ ትንሽ አውሮፕላን የተከራየው ሊዝናና ብሎ አይደለም፤ ቀድሞ ደርሶ ሊተኛና ልብሱን ሊያሳጥብ ነበር። ፌብሩዋሪ 3 ሌሊት፣ ከተነሱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አውሮፕላኑ ወደቀ፤ ውስጡ የነበሩት አራቱም ሞቱ። ሆሊ 22 ዓመቱ ነበር፣ አብረውት የነበሩት ዘፋኞች ሪቺ ቫለንስ 17፣ ጄ.ፒ. ሪቻርድሰን 28፣ አብራሪው 21። አየሩ መጥፎ ነበር፣ አብራሪውም በመሣሪያ ብቻ እየተመራ ለመብረር ፈቃድ አልነበረውም። እነዚያን ልጆች እዚያ አውሮፕላን ውስጥ ያስገባቸው ግን ድካም ነው።

የራሴንም ልንገርህ። የጉዞ ኃላፊ በሆንኩ በሦስተኛው ዓመት ኮንሰርት ጨርሰን ሌሊቱን 500 ኪሎ ሜትር እንድንነዳ ፕሮግራም አወጣሁ። የአንድ ሌሊት ማደሪያ ለማትረፍ ነው። የሚነዳው ድራመራችን ነበር፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነቅቷል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከበሮ መትቷል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ቫኑ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ነቃሁ። ከጎማው ሥር የመጣው የጠጠር ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። አጥር ጥሰን ሜዳ ላይ ቆምን። የሞተ የለም። ኪቦርዲስቱ ግን የአንገት ሥር አጥንቱ ተሰብሮ ስምንት ሳምንት መሣሪያ ሳይነካ ቀረ። ድራመሩ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይቅርታ ይጠይቀን ነበር። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ 20 ሰዓት ያልተኛ ሰው መሪ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው እኩል እንደሚዘገይ በጥናት ተለክቷል፤ በብዙ አገር በዚያ መጠን መንዳት ክልክል ነው። ጠጥቶ መሪ ሊይዝ ያለ ሰው ብናይ ቁልፉን እንነጥቀዋለን። ያልተኛውን ግን «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረን» እንለዋለን።

ስለዚህ ማን እንደሚነዳ ጠይቅ። የሚነዳው ሰው መድረክ ላይም የሚወጣ ከሆነ የሌሊት ጉዞ እንደሌለ አረጋግጥ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የባስ ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ በቀን ከ9 ሰዓት በላይ አይነዳም፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 ሊደርስ ይችላል። ይህ የወጣው ለትልልቅ መኪኖች ነው። እኔ ከዚያ ንጋት ወዲህ ቫን ላይም እሠራበታለሁ፤ አንድም ኮንሰርት ቀርቶብን አያውቅም። አልጋ ባለው ባስ የምትጓዙበት ቀን ካለ ደግሞ እግርህን ወደ ሹፌሩ አቅጣጫ አድርገህ ተኛ፤ ባሱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ግድግዳውን የሚመታው ጭንቅላትህ እንዳይሆን።

አንተ በራስህ እጅ እንቅልፍ የምታተርፍበት አንድ ቦታ አለ፤ ዕቃ ማሸጉ ነው። እኛ ሁለት ሰዓት ይፈጅብን የነበረውን ወደ 55 ደቂቃ ያወረድነው ለእያንዳንዱ ሳጥን ቁጥር ሰጥተን፣ ቫኑ ውስጥ የሚገባበትን ቅደም ተከተል በሩ ላይ ለጥፈን ነው። በየሌሊቱ የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ነው ያተረፍነው። ኬብል መጠቅለልም ተማር። ብዙ ሰው ክርኑ ላይ እየጠመጠመ ያስረዋል፤ ኬብሉ ውስጡ ተጠማዝዞ በሁለት ሳምንት መንኳኳት ይጀምራል። ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው፦ የኬብሉን ጫፍ በግራ እጅህ ያዝ፣ በቀኝህ አንድ ክንድ ያህል ሳብና የመጀመሪያውን ቀለበት እንደ ወትሮው መዳፍህ ላይ አስቀምጥ። ሁለተኛውን ስታመጣ አውራ ጣትህን ወደ ታች አዙረህ ቀለበቱ ከሥር እንዲገባ አድርግ። አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች። እንዲህ የተጠቀለለ ኬብል ጫፉን ይዘህ ብትወረውረው መድረኩን አቋርጦ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። አዲስ ሰው ሲመጣ የድሮዎቹ ሶሎውን ከመስማታቸው በፊት የሚያዩት ይህን ነው። ኬብሉን በሥርዓት የሚጠቀልል ሰው የሌላውን ዕቃ አይሰብርም ብለው ያስባሉ፤ ባየሁት ልክ ናቸው።

ከእንቅልፍ ቀጥሎ የምፈራልህ ለጆሮህ ነው። እስካሁን በሳምንት ሦስት ምሽት ስትጫወት አራት ምሽት ጆሮህ ያርፍ ነበር፤ አሁን ያ ዕረፍት ይቀራል። የሥራ ቦታ ድምፅ የሚለኩ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት እያለ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቦታዎች ባወጣው መመሪያ ላይ ከፍተኛው አማካይ መጠን 100 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ለታዳሚው የተባለ ነው። አንተ የምትቆመው ከድራመሩ ሲምባል አንድ ሜትር ርቀት ላይ፣ ሞኒተሩ (መድረክ ላይ የራሳችሁን ድምፅ የምትሰሙበት ስፒከር) ፊትህ ተደቅኖ፣ አምፑ ከኋላህ ሆኖ ነው። ያውም ለ90 ደቂቃ፣ 52 ምሽት። የውስጥ ጆሮ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም።

ከጊታሪስቶች ጋር ሁልጊዜ የምጣላበት አንድ ነገር አለ። አምፑን መሬት ላይ ታስቀምጠውና አንድ ሜትር ተኩል ፊት ለፊቱ ትቆማለህ። ቀጭኑና ስለታሙ ድምፅ ከስፒከሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ጉልበትህን መትቶ ያልፋል። አልሰማም ብለህ ትጨምራለህ። አንተ ስትጨምር ቤዙ ይጨምራል፣ ድራመሩ በኃይል ይመታል፣ ድምፃዊዋ ሞኒተሯን አስጨምራ ትጮሃለች። አዳራሹ መጨረሻ ያለው ታዳሚ ደግሞ ጊታር ብቻ ይሰማል። መፍትሔው አምፑን ወንበር ወይም ሳጥን ላይ ማውጣት፣ ካልሆነም ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ፊቱን ወደ ጆሮህ ማዞር ነው። ያን ጊዜ ራስህ ትቀንሰዋለህ። የድምፅ ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ይልቅ መድረክ ያስተካከለልኝ ይህ ነው።

የጆሮ መሰኪያም ያስፈልግሃል። ስፖንጁ ይጠብቃል፣ ግን ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ስለሚቆርጥ ሙዚቃው ይታፈንብህና አውጥተህ ትጥለዋለህ። ለሙዚቀኛ የተሠራው ማጣሪያ ያለው ነው፤ ሁሉንም በእኩል ስለሚቀንስ ሙዚቃው መልኩን አይለውጥም፣ ራቅ ይላል እንጂ። ከመሄድህ በፊት አንድ ወር ልምምድ ላይ ተለማመደው፤ የመጀመሪያ ቀን መድረክ ላይ ብታደርገው ትጠላዋለህ። የጆሮ ውስጥ ሞኒተር የሚሰጧችሁ ከሆነ ሁለቱንም ጆሮ አድርግ። ታዳሚውን ልስማ ብሎ አንዱን የሚያወጣ ሰው ክፍቱ ጆሮው መድረኩን ሲጠጣ፣ የቀረውን ደግሞ ድምፅ እያስጨመረ ያደነቁረዋል። ከመሄድህ በፊትም የመስማት ምርመራ አድርገህ ወረቀቱን ቤት አስቀምጥ፤ ስትመለስ የምታወዳድረው ይኖርሃል። ከኮንሰርት በኋላ ጆሮህ ቢጮህና ተኝተህ ስትነሳም ካልተወህ ዝም ብለህ አትለፈው፤ የዚያን ቀን ማታ መድረክ ላይ ቦታህን ቀይር፣ ለድምፅ ባለሙያውም ንገረው።

ተቀባይ ስለሆንክ ስለ ጉሮሮህ ጥቂት ልበል። ጊታር የሚቃኝበት ላ የሚባለው ኖታ 440 ነው፤ ያንን ኖታ የሚዘፍን ሰው የድምፅ አውታሮቹ በሰከንድ 440 ጊዜ ይጋጫሉ ማለት ነው። ሰው ድምፄ የሚያልቀው መድረክ ላይ ነው ይላል። እኔ ሲያልቅ ያየሁት ቫን ውስጥ ነው። ሞተር በሚጮህበት ቦታ የሚያወራ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ስድስት ሰዓት እንደዚያ ያወራ ሰው ማታ የሚዘፍንበት የለውም። ከኮንሰርት በኋላ በሙዚቃ መሀል መጫወትም ያው ነው። ውሃ ጠዋት ጀምረህ ጠጣ፤ የጠጣኸው ውሃ የድምፅ አውታሮችህን በቀጥታ አይነካቸውም፣ በደም ዞሮ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ መድረክ ልትወጣ ስትል የምትጨልጠው ጠርሙስ ለዚያ ምሽት ዘግይቷል። ድምፅህ ድንገት ከተቆረጠ ደግሞ አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ውጠህ አትዝፈን፤ ደም ስለሚያቀጥኑ የአውታሩ ደም ሥር እንዲፈስ ያግዙታል። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ አዴል እ.ኤ.አ. በ2011 የቀሩትን ኮንሰርቶቿን ሰርዛ ቀዶ ጥገና ያደረገችው የድምፅ አውታሯ ደምቶ ነው።

ጊታሩን በተመለከተ፣ እንጨት ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ይስማማዋል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው፤ ሲደርቅ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ከጎን ይወጡና እጅህን ይጭራሉ፣ አንገቱ ይጣመማል። አኩስቲክ የምትይዝ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ የእርጥበት መጠበቂያ አድርግ። የጊታሩ ራስ ሳጥኑ ውስጥ እንዳይወዛወዝ ዙሪያውን በልብስ ደግፈው፤ በጭነት የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እዚያ አንገትና ራስ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ቫን ውስጥ ካደረ በኋላ አዳራሽ ገብተን፣ ጊታሪስታችን ቸኩሎ ሳጥኑን ከፈተው። ሞቃቱ አየር እንደነካው ቀለሙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ዓይናችን እያየ ተሳበበት፤ ቀጭን የመሰበር ድምፁ ሁሉ ይሰማ ነበር። የአባቱ ጊታር ነበር። ከብርድ ስትገባ ሳጥኑን እንደተዘጋ አንድ ሁለት ሰዓት ተወው፤ ለዚህ ነው ከሌላው ዕቃ ሁሉ በፊት ጊታሩን የምታስገባው።

አውሮፕላን ላይ መለዋወጫ የሊትየም ባትሪ ከጭነት ጋር አይገባም፤ እጅህ ላይ ይሁን፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ የእንጨቱን ዓይነት እወቅ። ሮዝዉድ የሚባለው የጊታር እንጨት እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ ገብቶ ብዙ ሙዚቀኛ ሲጨነቅ ነበር፤ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ተሠርቶ ያለቀ የሙዚቃ መሣሪያ ነፃ ተደርጓል። የብራዚሉ ሮዝዉድ ግን አሁንም ጥብቅ ነው፣ የዝሆን ጥርስም እንዲሁ። የድሮ ጊታር ከሆነ እሱን ቤት ተወው። ኤቲኤ ካርኔ የሚባለውን የጉምሩክ ሰነድ የሚያወጣው አዘጋጁ ወይም የጉዞ ኃላፊው ነው፤ ካወጡት የመሣሪያህ ሴሪያል ቁጥር ዝርዝሩ ላይ በትክክል መጻፉን በዓይንህ እይ። አንድ አሃዝ ብትሳሳት ድንበር ላይ የምትቆመው አንተ ነህ።

ክፍያው ጥሩ ነው ብለሃል። በኮንሰርት ነው ወይስ በሳምንት? በኮንሰርት ከሆነ 25ቱን ቀን በነፃ ነው የምትጓዘው። የቀን አበሉ ከክፍያው ውጭ መሆኑን፣ አንድ ኮንሰርት ቢሰረዝ ምን እንደምታገኝ፣ ብትታመም በምን እንደምትመለስ በጽሑፍ ያዝ። ጥሩ የባንድ መሪ ይህን ስትጠይቀው አይከፋውም።

መንገድ ላይ የሚያልቀው ሌላው ነገር ትዕግሥት ነው። ስድስት ሰው ሁለት ወር ተኩል በአንድ ቫን ውስጥ ሲኖር የሚጣላው በትልቅ ነገር አይደለም፤ በሚሸት ካልሲ፣ ጮክ ብሎ በሚሰማ ስልክ፣ ሁልጊዜ 10 ደቂቃ በሚያረፍድ ሰው ነው። በእኔ ጉዞዎች ላይ ሄድፎን ያደረገ ሰው አይነካም፤ ይህን ሁሉም ያከብረዋል። በልምዴ የሚከብደው ከ30ኛው እስከ 45ኛው ቀን ያለው ነው። አዲስነቱ አልቋል፣ መጨረሻው አይታይም። ያን ሰሞን የሚወሰን ነገር ካለ እንቅልፍ ጠግበህ ወስን። መልበሻ ክፍል ውስጥ በየምሽቱ የሚቀመጠውንም መጠጥ ተጠንቀቀው። ለመተኛት ያግዘኛል ብለህ ትጀምረዋለህ፤ ያስተኛሃል፣ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ 52 ምሽት ሲደጋገም ደግሞ ያለ እሱ መተኛት ታቆማለህ። እንዲህ የሄዱብኝ ጓደኞች አሉኝ። ቡናም ከሳውንድ ቼክ (ከኮንሰርቱ በፊት ከሚደረገው የድምፅ ሙከራ) በፊት ይብቃህ፤ 11 ሰዓት ላይ የጠጣኸው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይም ሰውነትህ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ልጅህ ልምጣ። ስለ ብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ.ቢ. ኪንግ ሲነገር እ.ኤ.አ. በ1956 342 ምሽት ተጫወተ ይባላል፣ ለወጣቶችም እንደ ጀግንነት ይነገራቸዋል። ሁለቱም ትዳሩ መፍረሱና ለዚያም መንገዱ ምክንያት ሆኖ መጠቀሱ አብሮ አይነገርም። ያንተ 77 ቀን ነው፣ ይቻላል። ባለቤትህ ሂድ ማለቷ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሂድ ያለችህ የቱን እንደሆነ አብራችሁ ዘርዝሩት። ልጅቷ ሌሊት ቢያተኩሳት ማን ሐኪም ቤት ይዟት ይሄዳል? እሷስ የምታርፍበት ቀን በሳምንት አለ? አንተ የምትጠይቀውን የዕረፍት ቀን እሷም ልታገኘው ይገባል፤ ከክፍያህ ላይ ለዚህ የሚሆን ረዳት መቅጠር ከቻልክ ከሁሉ በፊት እሱን አድርግ።

የሁለት ዓመት ልጅ ስልክ ላይ አታወራም። መጀመሪያ ፊትህን ታያለች፣ ከዚያ ስልኩን ጥላ ትሮጣለች፤ አንተ ደግሞ ሆቴል ክፍል ውስጥ ጣሪያ እያየህ ትቀራለህ። አትዘንባት፣ «አባዬን አናግሪ» ብለውም አያስገድዷት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ደውል፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ይቁም፣ እሷ ስትጫወት አንተ ጊታርህን ይዘህ ቀስ ብለህ ተጫወትላት። ለዚህ የሚሆነው ጊዜ ከሳውንድ ቼክ በኋላ ያለው ነው። የእኔ ትልቋ ልጅ አሁን 19 ዓመቷ ነው፤ ያኔ የሚደወልበትን ሰዓት እንጂ ያወራሁትን አታስታውስም። ከመሄድህ በፊትም የምታስተኛበትን ዘፈን በድምፅህ ቀርጸህ ተውላት።

ስትመለስ የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራ አትያዝበት። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ልብህ መድረክ ልትወጣ እንዳለች መምታት ይጀምራል፣ ጠዋት የት እንዳለህ ለማወቅ ጣሪያውን ታያለህ፤ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ይለቅሃል። ቤቱ ደግሞ ያለ አንተ የራሱን ሥርዓት አውጥቷል። ልጅቷ የምትበላበትና የምትተኛበት ሰዓት ተቀይሮ ይሆናል። አንተ ልታስተካክል አትሞክር፤ ባለቤትህን ጠይቀህ ተከተል።

እኔ ብሆን እሄዳለሁ። ለጊታሪስት በየምሽቱ በሌላ አዳራሽ፣ በሌላ ድምፅ፣ ያንኑ ዘፈን እንደ አዲስ ማግኘትን የሚያህል ትምህርት የለም፤ በ52 ምሽት አምስት ዓመት ልምምድ የማይሰጥህን ታገኛለህ። የፕሮግራሙ ወረቀት እንደደረሰህ ከ30ኛው እስከ 45ኛው ቀን ያለውን፣ ቫኑ የሚነሳበት ሰዓት ከተጻፈበት ጋር ላክልኝ። የዚያኑ ቀን አይቼ እነግርሃለሁ።